ያልተከፈተ ቅጂ

ኮምፒውተር የሚጠቀም ሰው ሁሉ አንድ ምክር ሰምቷል፦ ባክአፕ ያዝ። ምክሩ ትክክል ነው። ከምክሩ ሥር ያለው አስተሳሰብ ግን ትክክል አይመስለኝም። ይህን ስንሰማ ወደ ሐሳባችን የሚመጣው ዕቃ ነው፤ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ መግዛት፣ ፋይሉን መገልበጥ፣ መሳቢያ ውስጥ መክተት፣ ከዚያም ልብን ማሳረፍ። መጥፋት ማለት የዕቃ መበላሸት፣ መጠበቅ ማለት ደግሞ ዕቃ መደረብ አድርገን እንወስደዋለን። እኔ የምሟገትለት ሐሳብ ከዚህ ይለያል። መረጃን ከጥፋት የሚያድነው ለመጠበቅ ተብሎ የተቀመጠው ቅጂ ሳይሆን ሰው የሚሠራበት ቅጂ ነው። ማንም የማይከፍተው ቅጂ መጥፋት የጀመረው ከተቀመጠበት ቀን አንሥቶ ነው፤ ወሬው ገና ስላልደረሰን ብቻ ያለ ይመስለናል። አነጋገሩ የተጋነነ ቢመስል አልፈርድም። ስለዚህ ማስረጃውን ከዕቃው ልጀምር።

አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው የመጀመሪያው ሃርድ ዲስክ፣ ራማክ ከተባለው ኮምፒውተር ጋር የሚሠራው፣ እያንዳንዳቸው 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያላቸው 50 ሳህኖች ተደራርበው የሚሽከረከሩበት፣ አንድ ቶን ያህል የሚመዝን ግዙፍ ዕቃ ነበር። ያ ሁሉ ብረት የሚይዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ነው፤ ዛሬ በስልክ የሚነሣ አንድ ጥሩ ፎቶ ይሞላዋል። አሁን በመዳፍ የሚያዝ ዲስክ ከ20 ቴራባይት በላይ ይችላል። መጠኑ እንዲህ ይለወጥ እንጂ የአሠራሩ ነገር ያው ነው። ማግኔት የተቀባው ሳህን በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራል፤ የሚያነበውና የሚጽፈው ጭንቅላት ሳይነካው በላዩ ይንሳፈፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ የአንዲት ፀጉር ውፍረት በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ናኖሜትር ይለካል። እንዲህ ያለ ነገር ለዓመታት ሳይሰናከል መሥራቱ ነው የሚደንቀው፣ መሰናከሉ አይደለም። ኤስኤስዲና ፍላሽ የሚሽከረከር አካል ስለሌላቸው ብዙ ሰው የማይሞቱ ይመስሉታል። እነሱ ግን መረጃ የሚይዙት በረቂቅ ክፍሎች ውስጥ ኤሌክትሮን አጥምደው ነው። የታሰረው ኤሌክትሮን ቀስ እያለ ያመልጣል፤ ሙቀት ሲያገኝ ደግሞ ይፈጥናል። ኤሌክትሪክ ሳያይ ለዓመታት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፍላሽ የያዘውን በዝምታ ሊጥል ይችላል። ከውጭ ሲታይ ግን እንደ ነበረ ነው፤ አልተሰነጠቀም፣ አልዛገም። ሰው ዐረፈ ብሎ ያስቀመጠው ዕቃ ውስጡ አላረፈም።

አምራቾች ዲስኮቻቸው በአማካይ አንድ ሚሊዮን ሰዓት ሠርተው ይበላሻሉ ብለው ይጽፋሉ። በዓመት ሲመነዘር 114 ዓመት መሆኑ ነው። ማንም ዲስክ 114 ዓመት አይኖርም፤ ቁጥሩ የአንድ ዲስክ ዕድሜ ሳይሆን የብዙ ዲስኮች የሞት መጠን ነው፣ ከመቶ ዲስክ በዓመት አንድ እንኳ የማይሞላ ይበላሻል እንደ ማለት። እ.ኤ.አ. በ2007 በአንድ ጉባኤ ላይ የቀረቡ ሁለት ጥናቶች ይህን ተስፋ ፈተሹት። የካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲዎቹ ቢያንካ ሽሮደርና ጋርዝ ጊብሰን መቶ ሺህ ያህል ዲስኮችን መዝገብ መርምረው፣ በዓመት የሚተካው ከመቶ 2 እስከ 4 መሆኑ የተለመደ እንደ ሆነ፣ በአንዳንድ ቦታም እስከ 13 እንደሚደርስ አሳዩ። የጎግል ተመራማሪዎች ደግሞ ከመቶ ሺህ በላይ ዲስኮቻቸውን ተከታትለው ሌላ ነገር አገኙ። ዲስክ ስለ ጤናው በራሱ ከሚመዘግባቸው ምልክቶች መካከል ብልሽትን አስቀድመው ይናገራሉ የተባሉትን ዋና ዋናዎቹን ቢያዩ፣ ከሞቱት ዲስኮች ከግማሽ የሚበልጡት አንዱንም ሳያሳዩ የሞቱ ነበሩ። ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ለእኔ ክብደት ያለው ግን ከመጀመሪያው ጥናት የሚገኝ ሌላ ግኝት ነው፤ ብልሽቶቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። አንድ ዲስክ ሲሞት ሌላው የመሞቱ ዕድል ይጨምራል። በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሙቀት፣ በአንድ የኤሌክትሪክ መስመር የሚኖሩ ዕቃዎች አሟሟታቸውም የጋራ ነው። (ጊብሰን ከዚህ ጥናት 19 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ ከዴቪድ ፓተርሰንና ከራንዲ ካትዝ ጋር ብዙ ርካሽ ዲስኮችን አጣምሮ አንዱ ሲሞት ሌሎቹ እንዲሸፍኑለት የሚያደርገውን ሬይድ የተባለውን ዘዴ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ስለ ዲስኮች የጋራ ሞት እሱ መመስከሩ ደስ ይላል።)

ከዚህ ተነሥቶ ባለሙያዎች የሚያስተምሩት ሕግ የታወቀ ነው፦ ሦስት ቅጂ ይኑር፣ በሁለት ዐይነት ዕቃ ላይ ይቀመጥ፣ አንዱ ከሌሎቹ ርቆ ሌላ ቦታ ይሁን። ሕጉ ጥሩ ነው፤ ማንም እንዲተወው አልመክርም። ቅጂዎች በአንድ ምክንያት አብረው እንዳይጠፉ ማለያየት ከዲስኩ ጥንካሬ እንደሚበልጥ ገብቶታል። ግን አሁንም የሚቆጥረው ዕቃ ነው። ሦስቱ ቅጂዎች ውስጣቸው ምን እንዳለ አይጠይቅም፤ ባዶ ቢሆኑስ?

ጥያቄው የቀልድ አይደለም። ጊትላብ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያስቀምጡበትና አብረው የሚሠሩበት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 ሌሊት አንድ ባለሙያ ከሁለቱ የዳታቤዝ ሰርቨሮች ተጠባባቂውን እንደገና ለማዘጋጀት ብሎ በውስጡ ያለውን ሊሰርዝ ተነሣ። ትእዛዙን የሰጠው ግን ለዋናው ነበር። በሰከንዶች ውስጥ ነቅቶ ቢያቆመውም፣ 300 ጊጋባይት ከሚሆነው ዳታ የተረፈው 4.5 ጊጋባይት ያህል ነው። አያስደነግጥም፣ መጠባበቂያ አለ ተባለ፤ ያውም አንድ አይደለም፣ አምስት መንገድ ነበራቸው። ሲፈተሽ በየቀኑ ይወሰዳል የተባለው ግልባጭ ለካ አይወሰድም። የሚገለብጠው ፕሮግራም ከዳታቤዙ ጋር የማይስማማ የቆየ ቨርዥን ስለ ነበር ሁልጊዜ እየከሸፈ ነበር። መክሸፉን የሚያስታውቁት ኢሜይሎች በሌላ የደኅንነት ሕግ ምክንያት ተመላሽ ስለሚሆኑ ማንም አላያቸውም። ግልባጩ ይጠራቀምበታል የተባለው የክላውድ ቦታ ሲከፈት ባዶ ሆኖ ተገኘ። በመጨረሻ ድርጅቱን ያዳነው ከአደጋው ስድስት ሰዓት ቀደም ብሎ አንድ ባለሙያ በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የወሰደውም ለመጠባበቂያ ብሎ አልነበረም፤ መሞከሪያ ሰርቨር ላይ ለሚሠራው ሥራ ትኩስ ዳታ አስፈልጎት ነው። ለመጠበቅ የተዘረጋው መንገድ ሁሉ ሲከዳ ለሥራ የተቀዳው ደረሰ። የጠፋው የስድስት ሰዓት ሥራ ብቻ ሆነ። ድርጅቱ ጉዱን ሳይደብቅ፣ የማገገሚያውን ሥራ እንኳ በቀጥታ እያሠራጨ፣ ኋላም እያንዳንዱን ስሕተት በጽሑፍ ማስፈሩን ማድነቅ ይገባል፤ እንዲህ የሚያደርግ ብዙ አይደለም።

ተመሳሳይ ነገር በፊልም ስቱዲዮም ተከስቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 ፒክሳር የቶይ ስቶሪ ሁለተኛ ክፍልን እየሠራ ሳለ አንድ የተሳሳተ ትእዛዝ አብዛኛውን የፊልሙን ፋይል ሰረዘ፤ መጠባበቂያውም ሲሞከር የማይሠራ ሆኖ ተገኘ። ፊልሙን ያዳነው ከቴክኒክ ኃላፊዎቹ አንዷ ጌሊን ሱስማን አራስ ስለ ነበረች ቤቷ ሆና ለመሥራት ያስወሰደችው ቅጂ ነው። እዚህም ላይ ያዳነው ቅጂ የሥራ ቅጂ ነው።

ብልኅ አንባቢ እዚህ ላይ ያቆመኛል። ሁለት ወሬ ማስረጃ አይሆንም፤ የምንሰማው የሚያስደንቀውን ብቻ ነው። በዓለም ላይ በየሌሊቱ በጸጥታ የሚወሰዱ፣ በየቀኑም በጸጥታ የሚያድኑ መደበኛ መጠባበቂያዎች አሉ፤ ዜና ስለማይሆኑ ግን አናውቃቸውም። ተቃውሞው ትክክል ነው፤ ቶይ ስቶሪን የመሰለ ታሪክ ሰው ይወደዋል፣ ሰው የሚወደው ታሪክ ደግሞ ሊያታልል ይችላል። ሆኖም እነዚያ በጸጥታ የሚያድኑት መጠባበቂያዎች ከከሸፉት በምን እንደሚለዩ እንይ። በዲስኩ ጥራት አይደለም፤ በቅጂው ብዛትም አይደለም፣ ጊትላብ አምስት ነበረውና። የሚለዩት አንድ ሰው ከመጠባበቂያው ላይ መልሶ አውጥቶ በሌላ ማሽን ላይ አስነሥቶ ስላያቸው ነው። ያ ሰው ያደረገው ቅጂውን ወደ ሥራ ማምጣት ነው፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን። ስለዚህ ተቃውሞው ሐሳቡን ያጠራዋል እንጂ አያፈርሰውም። መደበኛ መጠባበቂያ የሚያድነው የሥራ ቅጂ በሆነበት መጠን ነው።

ቅጂ ጨርሶ ከሌለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ውስጥ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 26 ቀን 2025 የሊቲየም ባትሪዎች ሲዘዋወሩ እሳት ተነሣ። የመንግሥት ሠራተኞች የሥራ ሰነዳቸውን የሚያስቀምጡበት 858 ቴራባይት የያዘ ማከማቻ ተቃጠለ፤ ውጭ ቅጂ አልነበረውም። የተሰጠው ምክንያት መጠኑ ትልቅ ስለ ሆነ በውጭ መጠባበቂያ ለመያዝ አልተቻለም የሚል ነው። ኮሪያ የሚሞሪ ቺፕ አምራች አገር ናት፤ ዕቃ አጥታ አይደለም። እዚህ ላይ የሚታየኝ ሌላ ነው። አንዳንድ መሥሪያ ቤቶች ሰነድ በግል ኮምፒውተር እንዳይቀር፣ ሁሉም በዚያ ማከማቻ ብቻ እንዲቀመጥ ደንግገው ነበር። ከሁሉ የተጎዱትም ደንቡን በታማኝነት ያከበሩት ናቸው። የተበታተኑት የሥራ ቅጂዎች ለሥርዐትና ለደኅንነት ተብሎ ሲሰበሰቡ፣ ሳይታሰብ የመጨረሻው መዳኛ አብሮ ተሰበሰበ።

ይህ የኤሌክትሮኒክስ ዘመን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ዋናውን ማስረጃ የማገኘው ከብራና ነው። መጽሐፈ ሄኖክ ከክርስቶስ ልደት በፊት ባሉት ጥቂት መቶ ዘመናት በአራማይክ ተጻፈ፣ ወደ ግሪክ ተተረጎመ፣ ከግሪኩም ወደ ግዕዝ። ከዚያ በኋላ በሌላው ዓለም ከመነበብ ወጣ፤ መነበቡ ሲቀር መገልበጡ ቀረ፣ መገልበጡ ሲቀር ጠፋ። በኢትዮጵያ ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ቁጥር ገብቶ ይነበብና ይጠቀስ ነበርና ጸሐፍት መገልበጣቸውን አላቆሙም። ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ይዞ ሲመለስ፣ ሊቃውንቱ ሙሉ ሆኖ የማይገኝ ያሉትን መጽሐፍ ሙሉውን አዩ። ልብ በሉ፣ ዛሬ በእጅ ያሉት እጅግ ጥንታዊ የግዕዝ ቅጂዎች ከ15ኛው መቶ ዘመን ብዙም አይርቁም። ትርጉሙ ከተሠራ በኋላ እስከዚያ ድረስ ባሉት ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ዓመታት የነበሩት ብራናዎች ሁሉ አልቀዋል፤ በእሳት፣ በዝናብ፣ በምስጥ፣ በጦርነት። ዕቃው ሁሉ ጠፍቶ መጽሐፉ አልጠፋም። በየዓመቱ የሚዘራ ዘር እንዲህ ነው፤ የዘንድሮው ፍሬ የአምናው አይደለም፣ ዘሩ ግን ያው ነው።

ከዚሁ መጽሐፍ ታሪክ ለእኔ ሐሳብ ከባዱ ተቃውሞም ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የሄኖክ አራማይክ ቁርጥራጮች ተገኙ። ወደ ሁለት ሺህ ዓመት ማንም አላነበባቸውም፤ አልተገለበጡም፤ አልተጠበቁም እንኳ፣ ተረስተው ነው የኖሩት። ደረቅ ዋሻ ብቻውን አቆያቸው። ይህ ያልተከፈተ ቅጂ ይጠፋል ያልኩትን አያፈርስም ወይ? በከፊል ያፈርሰዋል። ከዋሻው የወጣው ለመጀመሪያው ቃል ይቀርባል፤ በትርጉም አላለፈም፣ በጸሐፊ እጅ ላይ አልተለዋወጠም። በዚህ በኩል ማስቀመጥ መጠቀምን ይበልጣል። ነገር ግን ከዋሻው የወጣው ቁርጥራጭ ነው፤ ሙሉ የሆነው የተነበበው ነው። ቁርጥራጮቹ የሄኖክ መሆናቸውን መለየት የተቻለውም የግዕዙ ሙሉ ጽሑፍ ስለ ነበረ ነው። የተቀመጠው ትርጉም ያገኘው ሲሠራበት በኖረው በኩል መሆኑ ነው። ተፈጥሮ አንድ መጽሐፍ ወስዳ በሁለት መንገድ የፈተነችው ይመስላል፤ ውጤቱም አንደኛው መንገድ ጥራትን፣ ሌላው ምሉእነትን ይጠብቃል የሚል ነው።

የአባ ገሪማ ወንጌሎችስ? በካርበን ምርመራ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ ናቸው የተባሉት እነዚህ ብራናዎች ራሳቸው እኛ ዘንድ ደርሰዋል። እንግዲያው መልሱ የማይበላሽ ዕቃ መፈለግ ነው የሚል ሰው ይህን ይጠቅሳል፤ በመስታወት ላይ በሌዘር መረጃ ለመቅረጽ የሚደረገውን ምርምርም ይጨምርበታል። ጥሩ ዕቃ ጥሩ ነው፣ በዚህ አልከራከርም። ግን ከገሪማ ጋር አብረው የተሠሩ ወንድሞቹ የት ናቸው? ከአንድ ዘመን የተረፈ አንድ መጽሐፍ ለብራና ጥንካሬ ምስክር ቢሆን፣ ያልተረፉት በተቃራኒው ይመሰክራሉ። ደግሞም ገሪማ በባዶ ሣጥን አልነበረም፤ ዙሪያውን ግዕዝ የሚያነቡ መነኮሳት፣ ያለማቋረጥ የሚጸልዩ፣ መጽሐፉን በበዓል የሚያወጡና የሚያስገቡ ሰዎች ነበሩ። ድንጋይ እንኳ ብቻውን አልታመነም፤ የንጉሥ ኢዛና የድል ጽሑፍ በግሪክና በግዕዝ፣ ግዕዙም በሁለት ዐይነት ፊደል ተቀርጾ፣ ያው ጽሑፍ በአክሱም በሁለት የተለያዩ ድንጋዮች ላይ ተገኝቷል። ያስቀረጸው ንጉሥ አንባቢ ሊለወጥ እንደሚችል ሳያውቅ አልቀረም።

ስለ አንባቢ ከተነሣ የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ሊታለፍ አይገባውም። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በቤተ ክርስቲያን ትብብር፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ካለው የገዳማት መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር፣ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። ዐብዮትና ጦርነት ሳያቋርጠው መሠራቱ የሚደንቅ ነው። ይሁን እንጂ ፊልሙ በሩቅ አገር ስለ ተቀመጠ ብቻ ሀብት ሆነ ማለት ስሕተት ነው። ሀብት ያደረገው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ለዐሥርት ዓመታት ቤተ መጻሕፍቱ ባለበት በኮሌጅቪል ተቀምጠው መጻሕፍቱን አንድ በአንድ እያነበቡ፣ ውስጣቸው ምን እንዳለ እየለዩ ካታሎግ ማዘጋጀታቸው ነው። ካታሎግ የሌለው 9,000 ፊልም ከታሸገ ሣጥን ብዙ አይለይም። ስለዚህ ስለ መረጃ ጥበቃ ሲነሣ ከካሜራውና ከፊልሙ ይልቅ እኔ የማስበው ያንን ንባብ ነው።

መጠቀም ያበላሻል፣ መገልበጥም ስሕተት ያራባል የሚለው ተቃውሞ ለብራና ዘመን እውነት ነበር። ድካም ያሸነፈው ጸሐፊ መሥመር ይዘልላል፤ ተከታዩ ያንን የተዘለለውን ይገለብጣል። ዲጂታል ዓለም ግን ለዚህ ፈውስ አግኝቷል፣ ይህንንም እንደ ታላቅ ነገር አንቆጥረውም። ሪቻርድ ሃሚንግ እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተመው ጽሑፍ፣ መልእክት ላይ ጥቂት ተጨማሪ ምልክቶችን በብልኃት በማከል ስሕተት መፈጠሩን ብቻ ሳይሆን የት እንደ ተፈጠረ ጭምር ለይቶ ማረም እንደሚቻል አሳየ። ዛሬ የማንኛውንም ፋይል አጭር አሻራ አስልቶ ማስቀመጥ፣ በኋላም አስልቶ ማመሳከር ይቻላል፤ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ አሻራው ይለወጣል። በትላልቅ ማከማቻዎች ማሽኖች በየጊዜው ዲስኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ እያነበቡ የተበላሸውን ከደኅናው ቅጂ ይጠግናሉ። ይህ ራሱ የሐሳቤ ምስክር ነው፤ መሐንዲሶቹ ዲስክ ካልተነበበ እንደሚበላሽ ተቀብለው፣ አንባቢ ሰው ስለሌለ አንባቢ ማሽን መድበውለታል።

ማሽን የማያነበው ነገር ግን አለ፣ ለዚህም ከአማርኛ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ዩኒኮድ የግዕዝን ፊደል ያካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደላችንን በላቲን ፊደላትና ምልክቶች ቦታ በራሱ መንገድ እያስቀመጠ ነበር። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ፋይል የራሱ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይሆናል። በዚያ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ፣ የጋዜጣ ዕትም፣ የመመረቂያ ጽሑፍ በፍሎፒና በሲዲ ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አሻራው ቢመሳከር ትክክል ነው፤ ዲስኩ ቢፈተሽ ጤነኛ ነው፤ አንዲት ነጥብ አልጠፋችም። ጽሑፉ ግን የለም። በየጊዜው ሲሠራበት የቆየ ፋይል ወደ ዩኒኮድ ተቀይሮ ዛሬም ይነበባል፣ ምክንያቱም የሚፈልገው ሰው አዲሱ ኮምፒውተር አላነብም ባለው ዕለት ችግሩን አይቶታል። የተቀመጠው ፋይል ግን ችግሩን የሚያይለት ሰው አልነበረውም። መፍትሔው ቀላል በነበረበት ጊዜ፣ ፎንቱም መቀየሪያውም በየቤቱ ሳለ፣ ችግሩ አልታየም፤ ሲታይ መቀየሪያውን የሚያስነሣ ማሽን መፈለግ ግድ ይሆናል።

አሁን ይህ ሁሉ ክላውድ ከመምጣቱ በፊት ነው ይባላል። ክላውድ በርግጥ ብዙውን ችግር ወስዶልናል፤ ትላልቆቹ ድርጅቶች ቅጂ ያባዛሉ፣ ይፈትሻሉ፣ የሞተ ዲስክ ይተካሉ፣ እኛ ሳናውቅ። ነገር ግን ብዙ ሰው ባክአፕ የሚለው በርግጥ ማመሳሰል ነው። ስልኩ ላይ የተሰረዘው ፎቶ ክላውዱ ላይም ይሰረዛል፤ ቫይረስ የቆለፈው ፋይል ተቆልፎ ይመሳሰላል። እ.ኤ.አ. ማርች 2021 ኦቪኤች የተባለው ድርጅት በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የነበረው የመረጃ ማዕከል ሲቃጠል፣ መጠባበቂያቸው እዚያው ግቢ ውስጥ የነበረ ደንበኞች ሁለቱንም አጡ። ማይስፔስ የተባለው የማኅበራዊ መገናኛ መድረክ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ተጠቃሚዎች ለዓመታት የጫኗቸው ሙዚቃዎች ሰርቨር ሲዘዋወር እንደ ጠፉ አስታወቀ። በእነዚያ ዓመታት መድረኩ ተራቁቶ፣ ዘፈኖቹን የሚሰማቸው ጥቂት ነበር፤ የሚያዳምጥ ሕዝብ ቢኖር ጥፋቱ በቀኑ በታወቀ። ክላውድ የሌላ ሰው ሥራ ነው፤ ያ ሰው ሥራውን የሚሠራው እስከጠቀመው ድረስ ነው።

ሁሉም መቀመጥ አለበት ወይ፣ መርሳትስ መብት አይደለም ወይ የሚለውን በአጭሩ ልለፈው። ሐሳቤ ሁሉን ማስቀመጥን አይደግፍም፤ እንዲያውም ስልክ ውስጥ ያሉ በሺዎች የሚቆጠሩ የማይታዩ ፎቶዎች ሁሉን የማስቀመጥ ልማድ ውጤት ናቸው። ከነሱ መካከል የታተሙት፣ ለዘመድ የተላኩት፣ በአልበም የገቡት ይተርፋሉ። ብዙ እጅ የገባ ምስጢር ይወጣል የሚለው ግን ይበልጥ ከባድ ነው። የሕክምና መዝገብን በየእጁ መበተን አይቻልም፤ እዚያ ቦታ የሚሠራበት ቅጂ ቁጥሩ በግድ ያንሳል፣ ስለዚህም የመክፈት ፈተናው መብዛት አለበት።

ሐሳቤ የሚፈተነውም በዚህ ዐይነቱ ነገር ላይ ነው። የመሬት ይዞታ መዝገብ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ፣ የልደት መዝገብ ሠላሳ ዓመት ማንም ሳይከፍተው ይኖራል፤ ክርክር ሲነሣ ግን የአንድ ቤተሰብ ኑሮ በእሱ ላይ ይወድቃል። ዋጋው ባለመፈለጉ ውስጥ ያለ ነገር በመፈለግ ሊጠበቅ አይችልም። ስለዚህ የሚፈልገው ሰው በደመወዝ መቀጠር አለበት። መዝገቡን ከወረቀት ወደ ሰርቨር ያዞረ መሥሪያ ቤት በየወሩ ጥቂት መዝገቦችን በዕጣ እያወጣ፣ ከሩቁ ቅጂ ላይ ከዚያ በፊት አይቷቸው በማያውቅ ማሽን ላይ አስነሥቶ፣ አንብቦ፣ ከዋናው ጋር የሚያመሳክር ሠራተኛ ያስፈልገዋል። ሰርቨር ለመግዛት በጀት ማስፈቀድ ከዚህ ይቀላል፤ ሰርቨር ይታያል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ያ ሠራተኛ ሥራውን በሚገባ ከሠራ ለዓመታት የሚያቀርበው ሪፖርት «ሁሉም ተከፍቷል» የሚል አንድ መሥመር ነው። የበጀት ክፍሉ በሦስተኛው ዓመት ይህ የሥራ መደብ ለምን እንዳስፈለገ ይጠይቃል፤ የሚቀርብለት ማስረጃ ደግሞ ያልደረሰ አደጋ ብቻ ይሆናል።